ከወገብ በታች ያለ ምሥጢር

ወጣት ወንድ ስለ ቆለጡ ከሚናገር ቢሞት ይመርጣል። ጤና ጣቢያ ሲሄድ እንኳ ካርድ የምታወጣው ልጅ እንዳትሰማው ብሎ «ወገቤን ነው» ይላል። የወገብ ማስታገሻ ይዞ ይመለሳል፤ እብጠቱም አብሮት ይመለሳል።

ታላላቆቹ አስቀድመው ሊነግሩት የሚገባው የጊዜን ነገር ነው። ድንገት የጀመረ፣ የሚያቅለሸልሽ የቆለጥ ሕመም እስኪነጋ አይጠበቅም። ቆለጡ ተጠማዝዞ ደም ተቋርጦበት ይሆናል፤ ቶሎ፣ ቢቻል በ6 ሰዓት ጊዜ ውስጥ፣ ቀዶ ሕክምና ካላገኘ ሊሞት ይችላል።

ቀስ ብሎ የሚመጣውና ወራት የሚቆየው ግን ሌላ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚቆጣው ከቆለጡ ጀርባ የተጠመጠመው፣ የዘር ፍሬ የሚበስልበት ቀጭን ቱቦ ነው። መንስኤው ጨብጥ ወይም ክላሚዲያ ከሆነ በአንቲባዮቲክ ይድናል። ልጁ አንዱን አንቲባዮቲክ ጨርሶ ሌላውን ጀምሮ እብጠቱ ካልቀነሰ፣ ከፋርማሲ ሦስተኛውን መግዛት ይብቃው። ያን ጊዜ የሚጠረጠረው ቲቢ ነው።

ቲቢ ሲባል ሰው የሚያስበው ሳል ነው። ቆለጥ ላይ ሲወጣ ግን ሳልም ላይኖረው ይችላል። እብጠቱ ይጠጥራል፤ ሕመሙ ያን ያህል አይደለም። የዘር መተላለፊያው ቱቦ አንዳንዴ ሲዳሰስ እንደ መቁጠሪያ ቋጠሮ ቋጠሮ ይላል፤ ሲቆይም የቆለጡ ከረጢት በኋላ በኩል ተበስቶ መግል ሊያፈስ ይችላል። ሽንቱ መግል እያሳየ በተለመደው የካልቸር ምርመራ ምንም ተህዋስ ካልበቀለ፣ ላቦራቶሪው ቲቢን እንዲፈልግ ማድረግ ነው። ጥሬ ወተት የሚጠጣ፣ ከብት የሚያዋልድ ልጅ ደግሞ ይህንንም ይናገር፤ ከከብት የሚተላለፈው ብሩሴሎሲስም እዚያው ቦታ ያሳብጣል።

የቲቢው መድኃኒት በአብዛኛው 6 ወር ይወሰዳል፤ 2 ወር አራት ዓይነት፣ ቀሪው 4 ወር ሁለት ዓይነት። በመንግሥት ጤና ተቋም በነጻ ነው። ሽንት ብርቱካንማ ሲሆን የሚደነግጡ አሉ፤ ሪፋምፒሲን የሚባለው መድኃኒት ቀለም ነው እንጂ ደም አይደለም። ክፉው ነገር ቀለል ሲል ማቋረጥ ነው።

እብጠት ሁሉ ደግሞ መቆጣት አይደለም። በቆለጡ በራሱ ላይ የወጣ፣ የማያም ጠጣር እብጠት በወጣትነት ዕድሜ ካንሰር ሊሆን ስለሚችል አልትራሳውንድ ሳይነሳ «ቡአ ነው» ተብሎ አይታለፍ፤ በመርፌም አይወጋ።

ካርድ ክፍል «ለሐኪሙ እነግረዋለሁ» ማለት ይበቃል። በሩ ሲዘጋ ግን ልጁ ወገቡን ይተውና «ቆለጤ አብጧል» ይበል።