ስለ አምሳል እውነተኛነት፤ በትንሹ ካሚዮን ምሳሌነት

አምሳል ሁሉ ከሚመስለው ነገር አንሶ ይገኛል፤ ባያንስና በነገር ሁሉ ቢተካከል ኖሮ ሁለተኛ አካል እንጂ አምሳል ባልተባለ ነበር። እንግዲህ አምሳል ከመጀመሪያው ጕድለት ያለበት ከሆነ፥ አምሳል የሚሠራ ሰው ለእውነት ያለበት ዕዳ ምን ያህል ነው? የጐደለው ሁሉ ይቅር ይባልለታልን? ወይስ ከጕድለቱ መካከል የሚፈቀድና የማይፈቀድ አለ? ይህ ጥያቄ በሥዕልና በሐውልት ነገር ከጥንት ዠምሮ ሲመረመር የኖረ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ሰው እንደ ጨዋታ በሚቈጥረው በአንድ ትንሽ ሥራ ላይ ይልቁን ተገልጦ ይታያል። ሥራውም የድሮ ካሚዮንን በልክ አሳንሶ፥ የማይገኘውን ዕቃ በእጅ እያበጁ መሥራት ነው።

በዚህ ሥራ የሚደክሙ ሰዎች በአሜሪካና በኤውሮፓ ብዙ ናቸው። ፋብሪካ ቈራርጦ በሣጥን የሚሸጠውን ገጣጥሞ መጨረስ ለልጅም የሚቻል ነው፤ የጥበቡ መፈተኛ የሚመጣው ሠሪው የሚፈልገው ካሚዮን በሣጥን የማይሸጥ ሲሆን ነው። ያን ጊዜ ከናስ ዘንግ፥ ከስስ ላሜራ፥ ከእንጨትና ከፕላስቲክ ገበታ እየቈረጠ፥ በሞረድ እያለሰለሰ፥ በቆርቆሮ እየበየደ ዕቃውን ራሱ ያወጣዋል። አንድ ዐይነት ዕቃ ብዙ ሲያስፈልገው አንዱን አሳምሮ ይሠራና ከሲሊኮን ቅርጽ ማውጫ አበጅቶ የቀሩትን በሬዚን ያፈስሳቸዋል። በዚህ ዘመን ደግሞ ቅርጹን በኮምፒዩተር ሥሎ በማተሚያ መኪና ድርብ በድርብ እያስነባበረ የሚያወጣ አለ።

ለምሳሌ የፎርድ ኩባንያ በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1927 ዓ.ም. መጨረሻ ዠምሮ ያወጣው ሞዴል ኤ ኤ የተባለው ካሚዮን ይወሰድ። ሞተሩ ባለ 4 ሲሊንደር፥ ኃይሉ 40 የፈረስ ጕልበት፥ ጭነቱም አንድ ቶን ተኩል ነበር። ብዙ ጊዜም ኩባንያው ሻንሲውንና የነጂውን ክፍል ብቻ ይሸጥና፥ የጭነቱን ካሶኒ ገዢው ወይም ያገሩ አናጢ እንደ ሥራው ዐይነት ያበጀው ነበር። ስለዚህ ከፋብሪካ ሲወጡ እንደ መንታ ይመሳሰሉ የነበሩ ሁለት ካሚዮኖች በየገበሬው ግቢ ውስጥ ሲገኙ አይመሳሰሉም። ዛሬ የአምሳሉ ሠሪ ካሶኒውን በእጁ ቢያበጅ፥ የጥንቱ አናጢ ያደረገውን መልሶ ማድረጉ ነውና ከፋብሪካ ባለመግዛቱ ከእውነት አልራቀም፤ ይልቁንም ቀርቧል።

የመጀመሪያው ችግር ከልኩ ይነሣል። የዚህ ካሚዮን ርዝመት ከፊተኛው ጎማ መካከል እስከ ኋለኛው ጎማ መካከል 3 ሜትር ከ34 ሳንቲ ሜትር ነበር። ሠሪው 25 ጊዜ ሲያሳንሰው 13 ሳንቲ ሜትር ከ4 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል፤ እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀላል ነው። ዳሩ ግን የፓራፋንጎው ላሜራ ውፍረት 1 ሚሊ ሜትር ቢሆን፥ በዚያው ልክ ሲያንስ ከ1 ሚሊ ሜትር መቶ እጅ 4ቱ እጅ ብቻ ይቀራል፤ ይህም ከራስ ጠጕር የቀጠነ ነው፤ ቢሠራም ጣት በነካው ቍጥር ይጨማደዳል። ስለዚህ ሠሪው ፓራፋንጎውን አወፍሮ ይሠራና ለዐይን የሚታየውን ጠርዙን ብቻ ሞርዶ ያቀጥነዋል። ልኩ ፈርሷል፤ መልኩ ግን ቆሟል።

ይህን የመሰለውን ነገር አፍላጦን ሶፊስት በተባለው መጽሐፉ አስቀድሞ መርምሮታል። አምሳል መሥራትንም በሁለት ይከፍለዋል፤ አንደኛው የዋናውን ርዝመትና ስፋት ሳያዛንፍ የሚጠብቅ ነው፤ ሁለተኛው ለተመልካች ያማረ እንዲመስል ልኩን የሚለውጥ ነው። ታላላቅ ሐውልት የሚያቆሙ ሰዎች ልኩን እንዳለ ቢጠብቁ፥ የላዩ ክፍል ከሩቅ ስለሚታይ ከሚገባው አንሶ፥ የታቹም ከቅርብ ስለሚታይ ከሚገባው በልጦ ይታይ ነበርና፥ እውነተኛውን ልክ ትተው የሚያምረውን ይሠራሉ ይላል። ይህን ሁለተኛውንም የመምሰል እንጂ የእውነት ሥራ አይደለም ብሎ ከፊተኛው አሳንሶ ይቈጥረዋል።

ነገር ግን የካሚዮኑ ባሌስትራ ለዚህ ፍርድ መልስ አለው። ጋሊሌዎ በ1638 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፉ እንዳስረዳው፥ አካል ሲያድግም ሆነ ሲያንስ ክብደቱና ጽናቱ በአንድ ልክ አይሄዱም። 2,000 ኪሎ የሚመዝን ካሚዮን በርዝመት፥ በስፋትና በከፍታ 25 ጊዜ ቢያንስ፥ ከዚያው ከብረቱና ከእንጨቱ ቢሠራም፥ ክብደቱ 15,625 ጊዜ ያንሳልና 128 ግራም ብቻ ይሆናል። የባሌስትራው ጽናት ግን የሚያንሰው 25 ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ስንዴ የጫነ ካሚዮን ባሌስትራው ተጫጭኖት ጐበጥ ብሎ ሲታይ፥ ልኩ ሳይዛነፍ የተሠራው ትንሹ ባሌስትራ ግን ምንም ቢጭኑበት ባዶ እንደ ሆነ ካሚዮን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሠሪው ልኩን ጠብቆ ሐሰት ከሚናገር፥ ባሌስትራውን በእጁ አጕብጦ እውነቱን ቢናገር ይሻላል። እንግዲህ ልክ የእውነት አገልጋይ ነው እንጂ ራሱ እውነት አይደለም።

ይህ ከሆነ ዘንድ የሚፈቀደው ለውጥ ከማይፈቀደው በምን ይለያል? በሁለት ነገር ይለያል። አንደኛው፥ ለውጡ ተመልካቹን ወደ ዋናው ነገር የሚያቀርበው እንደ ሆነ ነው። ሁለተኛው፥ ሠሪው «ይህን ለምን አወፈርኸው?» ተብሎ ቢጠየቅ ሳያፍር ምክንያቱን የሚናገር እንደ ሆነ ነው። ሊናገሩት የሚያሳፍር ለውጥ ከጥበብ ወጥቶ ወደ ማታለል የገባ ነው።

በዚህ ሚዛን የተሰወረውም ዕቃ ይመዘናል። ኮፋኖው ተዘግቶ የማይከፈት ከሆነ ከውስጡ ሞተር አለመሥራት ኃጢአት አይደለም፤ ማንም «ሞተር አለው» አላለምና። ነገር ግን ኮፋኖውን ዘግቶ «ሞተሩም ሙሉ ነው» ብሎ መሸጥ ሌብነት ነው። ብዙ ሠሪዎች ማንም የማያየውን የሻንሲውን ሆድ እንኳ አሳምረው ይሠራሉ፤ ይህም ግዴታ ሳይሆን ልምምድ ነው። በማይታየው ሥራ እጁን ያልዋሸ ሰው በሚታየው ለመዋሸት ይቸግረዋል።

ከዚህ የሚከብደው የጠፋው ዕቃ ነገር ነው። ሠሪው ያለው አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ሆኖ የካሚዮኑን ግራ ጐን ብቻ ቢያሳይ፥ ቀኙን በምን ይሠራዋል? በግራ በኩል የካሶኒው መደገፊያ እንጨት 4 ከሆነ በቀኝም 4 ነው ብሎ መገመት ከምልክት ወደ ነገር መሄድ ነውና ይገባል። በቀኝ በኩል የመሣሪያ ሣጥን ወይም ፋኖስ መስቀል ግን፥ ምንም ቢያምር፥ ከምኞት ወደ ነገር መሄድ ነው። ብልህ ሠሪ በአንዲት ወረቀት ላይ ያየውን፥ የገመተውንና ከራሱ ያመጣውን ለይቶ ጽፎ ከአምሳሉ ጋራ ያኖራል፤ በኋላ የሚመጣ ሰው ግምቱን እንደ ማስረጃ እንዳይቈጥረው።

ነገሩ ሁሉ የሚፈተንበት ግን እንዲህ ያለ ጊዜ ነው። በአሜሪካ አገር በካንሳስ አንድ የስንዴ ገበሬ ከእነዚህ ካሚዮኖች አንዱን ገዝቶ ብዙ ዘመን እንደ ነዳ ይታሰብ። በሰባተኛው ዓመት ክረምት መንገዱ በረዶ ሆኖ ካሚዮኑ አንሸራተተና ወደ ጕድባ ተገለበጠ፤ ካሶኒው ተሰባበረ፤ ከላይ ቆሞ የነበረ የቀን ሠራተኛም እግሩ ተሰብሮ ዕድሜውን ሙሉ አነከሰ። ገበሬው ከዚያ በኋላ በገዛ እጁ ከወይራ የማያንስ ጠንካራ እንጨት መርጦ አዲስ ካሶኒ ሠራ፤ ስሙንም በጐኑ ጻፈበት። የተጨማደደውን ፓራፋንጎም በመዶሻ አቀናው፤ ዳሩ ግን ሞገድ የመሰለ ጕድጕድ ቀረበት። ዛሬ ሽማግሌ የሆነው ልጁ ወደ አምሳል ሠሪ ሄዶ ፎቶግራፉን ያሳየውና «አባቴ የሠራው ካሶኒ ከነስሙ ይታይልኝ፤ ፓራፋንጎውን ግን ያቅኑልኝ፤ አባቴ ያን ቀን ሲነሣበት አይወድም ነበር» ይለዋል።

ሽማግሌው የለመነው ክፉ ነገር አይደለም። አምሳሉ ለፍርድ ሸንጎ የሚቀርብ ሳይሆን በልጅ ልጆች ቤት በመደርደሪያ የሚቀመጥ መታሰቢያ ነው። የሙትን ነውር መሸፈንም የልጅ ወግ ነው። የተቀጠቀጠ ላሜራ ሳይሠሩ በመቅረት የሚጐዳ ማን ነው? የሚል ክርክር ይነሣል፤ ክርክሩም ጕልበት አለው።

መልሱ ግን በካሶኒው ውስጥ ይገኛል። ልጁ የሚወደው ካሶኒና የማይወደው ጕድጕድ የአንድ ቀን ልጆች ናቸው፤ ያ መገልበጥ ባይሆን ያ ካሶኒ ባልተሠራ ነበር። ሠሪው ካሚዮኑ ከመገልበጡ በፊት እንደ ነበረ አድርጎ ቢሠራው፥ ፓራፋንጎው ቀና፥ ካሶኒውም የፊተኛው ይሆናል፤ ይህ ዝምታ ነው፤ ዝምታም የተፈቀደ ነው። ከተገለበጠ በኋላ እንደ ነበረ ቢሠራው ሁለቱም ይታያሉ፤ ይህ ምስክርነት ነው። የኋለኛውን ካሶኒ ከፊተኛው ፓራፋንጎ ጋራ አንድ አድርጎ ቢሠራ ግን በየትም ቀን ያልነበረ ካሚዮን ይሆናል። የአባትየውን ትጋት ያሳያል፤ ትጋቱን የወለደውን ጕዳት ይሰርዛል። በዚያ ጕዳት ውስጥ ደግሞ ድርሻ ያለው ሌላ ሰው አለ፤ እርሱም ሊለምን ያልመጣው ያ አንካሳ ሠራተኛ ነው። ከስሙ የተጻፈ ነገር ምናልባት በየትም አልቀረም፤ የቀረለት ያ ጕድጕድ ብቻ ነው።

እንግዲህ ሠሪው ለሽማግሌው ሊመልስለት የሚገባው «አይሆንም» የሚል የሻከረ ቃል ሳይሆን «ቀኑን ይምረጡልኝ» የሚል ነው። ቀኑን ከመረጠ በኋላ ያ ቀን ያመጣውን ሁሉ፥ የሚወደደውንም የሚጠላውንም፥ በታማኝነት ይሠራለታል። ምናልባት ሽማግሌው ትንሽ አስቦ የኋለኛውን ቀን ይመርጥ ይሆናል፤ አባቱ ያልደበቀውን ላሜራ እርሱ የሚደብቅበት ምክንያት የለምና።

ይህ ፍርድ በካሚዮን አይወሰንም። የአባትን ታሪክ የሚጽፍ፥ በመቃብር ላይ የሚናገር፥ ለወዳጁ የምስክር ወረቀት የሚሰጥ ሰው ሁሉ አምሳል ሠሪ ነው። ሁሉን መናገር አይጠበቅበትም፤ ልኩንም ለአድማጩ ጆሮ ሊያሳንስ ይችላል። ነገር ግን ከአንዱ ቀን ክብሩን፥ ከሌላው ቀን ንጽሕናውን እየለቀመ ያልነበረ ሰው እንዳያቆም ይጠንቀቅ።