ሆድ የሚያስይዝ ሳቅ

ልጆቼ፣ ዛሬ የምመክራችሁ ስለ ሳቅ ነው። «እኚህ ሽማግሌ የሚናገሩት አጡ እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ይበል፤ በዚያው ከሳቀ ምክሬ ግማሹን መንገድ ሄደልኝ።

እኔ ያረጀሁት እዚሁ አቃቂ፣ በፋብሪካ ጩኸት ውስጥ ነው። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመናው መኪና ጆሮ ይደፍናል፤ ስለዚህ የምንግባባው በምልክት ነበር፣ የምንቀላለደውም በምልክት። የሌሊቱ ተረኛ ሲወጣ፣ የጠዋቱ ሲገባ፣ በሩ ላይ ሳይሳሳቅ የሚተላለፍ አልነበረም። ደሞዙ ከወር ወር አያደርስም፤ ጥጡ አፍንጫና ጉሮሮ ይሞላል። ግን ሆዳችንን ይዘን ስቀን ስንለያይ ሌሊቱን የተሸከምነው ድካም እዚያው በሩ ላይ ይቀር ነበር።

አሁን ቃሊቲ መናኸሪያ ቆሜ ታክሲ የሚጠብቀውን ወጣት አያለሁ። ጆሮው ላይ ገመድ፣ ዓይኑ ስልኩ ላይ። አልፎ አልፎ ጥርሱ ብልጭ ይላል፤ ሆዱ ግን ንቅንቅ አይልም። ያ ሳቅ አይደለም ልጆቼ፣ የሳቅ ፎቶግራፍ ነው።

ሰው ከልቡ ሲስቅ ሳንባንና ሆድን የሚለየው ጡንቻ እንደ አንጥረኛ ወናፍ ይርገበገባል። ሳንባ ሥር ተኝቶ የከረመው አየር ይወጣል፣ አዲሱ ይገባል። ልብ እንደ ዳገት ወጪ ይመታል፤ ሳቁ ሲበርድ ደግሞ ጡንቻው ሁሉ ይላላል። በሳቅ የፈረሰች ሴት እንስራዋን ማንሳት የሚያቅታት ለዚህ ነው። በእንግሊዝ አገር የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ሮቢን ደንባርና ባልደረቦቹ፣ አብረው የሳቁ ሰዎች ሕመምን የመቻል አቅማቸው እንደሚጨምር ፈትነው አይተዋል፤ ሰውነት ራሱ የሚያመነጨው ኢንዶርፊን የሚባል ማስታገሻ እንደሚሠራው ያምናሉ። እኛ በፋብሪካው በር ላይ በነጻ እንታደለው የነበረው ይኼው ሳይሆን አይቀርም።

ግን አላጋንንም። አሜሪካኖች ለክተው፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መሳቅ ከ10 እስከ 40 ካሎሪ ያቃጥላል ብለዋል። በእኛ ገበታ ቢመዘን አንዲት ጉርሻ ብትሆን ነው። ስለዚህ በሳቅ ተመክታችሁ የእግር መንገዳችሁን እንዳትተዉ። የግፊትና የስኳር መድኃኒቱን ጥሎ «እኔ በሳቅ እታከማለሁ» የሚል ካለ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እሱ ነው። ቡአ ያለበት፣ በቅርቡ ሆዱን የተቀደደ፣ አስም የሚያፍነው ሰውም ልኩን ይወቅ፤ ሲያጌጡ ይመላለጡ እንዳይሆን።

«በዚህ ኑሮ ምኑ ያስቃል?» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፤ ጤፉ አያስቅም፣ የቤት ኪራዩም አያስቅም። ነገር ግን በላቸው ግርማን አስቡ፤ የሳቅ ንጉሥ የምንለውን። ኪሳራና ኀዘን ተደራርበው እንደ ወረዱበት ራሱ ተናግሯል። ከዚያ ተነሥቶ ነው ሳቅን እንደ ሙያ የያዘው፣ በዚሁ በአዲስ አበባ የሳቅ ትምህርት ቤት የከፈተው። በ2008 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር 3 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ስቆ ስሙን አስጠራ። ሦስት ሰዓት! እኔ ሩብ ሰዓት ስስቅ ጎድኔ ይወጋኛል።

ደግሞም ሳቅ የግድ ቀልድ አይፈልግም። ሕንዳዊው ሐኪም ማዳን ካታሪያ መጋቢት 1995 እ.ኤ.አ. በሙምባይ አንድ መናፈሻ ውስጥ 5 ሰው ሆነው መሳቅ ጀመሩ። መጀመሪያ በቀልድ ነበር። ቀልዱ ሲያልቅ ግን ብልግናና ሰው የሚያቆስል ነገር መጣ፤ የተከፋ ሰው ተገኘ። ሐኪሙም ቀልዱን ትቶ እያጨበጨቡ፣ ዓይን ለዓይን እየተያዩ ዝም ብሎ መሳቅን አስተማረ። በውሸት የተጀመረው ብዙ ሳይቆይ እውነት ይሆናል፤ የአንዱ ሳቅ ሌላውን ይለኩሳል።

እዚህ ላይ ጆሮ ስጡኝ። በአንካሳው፣ በሚንተባተበው፣ በሰው ብሔር፣ በድሀ ጫማ እየሳቀ «ለጤናዬ ነው» የሚል አለ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይኼ ነው። ነግ በኔ የማይል ሳቅ አንዱን አፍታትቶ ሌላውን ያሳምማል፤ የተሳቀበት ሰው ቤቱ ገብቶ እንቅልፍ ያጣል።

አባቶቻችን የሳቅን ጥቅም ያለ ሐኪም ያውቁት ነበር። ለቅሶ ቤት አስቡ። በመጀመሪያው ቀን ዋይታ ነው። ሲመሽ የዕድሩ ሰው ድንኳኑ ውስጥ ካርታ ይዘረጋል፤ ንፍሮው ይዞራል፤ አንድ ጨዋታ አዋቂ የሟቹን የልጅነት ጉድ ያነሣል። ሐዘንተኛዋ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ማልቀሷ ነው ስንል ስቃለች። ነውር ነው ያለ ሽማግሌ አላየሁም። ያን ሌሊት እህል ትቀምሳለች፣ ትንሽም ትተኛለች። ወሬውንም ቀልዱንም በአንድ ቃል «ጨዋታ» ያልነው፣ ቤታችን የገባውንም እንግዳ «ተጫወት» የምንለው በከንቱ አይደለም። ከፍትፍቱ ፊቱ ያሉትም ምግቡ ስለበዛ አልነበረም።

ዛሬ ኮንዶሚኒየም ገባንና በራችንን ዘጋን። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ግንባር ለግንባር እንኮሳተራለን። የቡናውን ጥሪ ስልኩ በላው። ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን ጎረቤት ጥሩ፤ ስልኩን መሶብ ሥር አድርጉት።

ደግሞ እኔ ቀጠሮ ልያዝ። ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ የጂቡቲው ከባድ መኪና ጭሱን ሳይነዛብን፣ ከሰፈራችን ሜዳ እንገናኝ። ወገብ እናፍታታለን፣ ከዚያ ዝም ብለን እንስቃለን። የሚያፍር ካለ እኔ እጀምራለሁ፤ በጥርሴ ብቻ እንኳ የሚያስቅ ነገር አላጣም፣ ሦስቱ ናቸው የቀሩት። ቀልድ ይዛችሁ እንዳትመጡ። ጋቢ ግን አትርሱ፤ የአቃቂ የጠዋት ብርድ አያስቅም።