ወንበሩን አትንኩብኝ

ባልና ሚስት ነበሩ። ቤታቸው ጎማ ነበረው።

ሁለቱም በሰሜን አሜሪካ ብርዳም ከተማ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ ግድግዳ ያለውን ቤት ሸጡና ሞተርሆም ገዙ። ርዝመቱ አሥር ሜትር ነው፤ አልጋው ከኋላ፣ ወጥ ቤቱ ከመካከል፣ መሪው ከፊት። ከኋላው ትንሽ መኪና ይጎትታል። ገበያ ሲሄዱ እሷን ይፈቷታል፣ ሲጓዙ መልሰው ያስሯታል። ሲበርድ ወደ ደቡብ፣ ሲሞቅ ወደ ሰሜን፤ እንዲህ እያሉ ዘጠኝ ዓመት ኖሩ።

በመጀመሪያው ማለዳ ባልየው ከመሪው ኋላ ተቀመጠ። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ፣ ስፖኪዮውን አስተካከለ፣ ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞሮ «አንቺ ዕረፊ፤ ይሄ ትልቅ መኪና ነው» አላት። በፍቅር ነው ያላት። እሷም በቀኝ በኩል ተቀመጠች፣ ካርታውን ጭኗ ላይ ዘረጋች። ሰው ሲጠይቃቸው እሷ «እሱ ይነዳል፣ እኔ እቀመጣለሁ» ትላለች፤ እሱም «እሷ ትቀመጣለች» ይላል። ማንም በዚህ ተጣልቶ አያውቅም።

የብርዱን ወራት የሚያሳልፉት አሪዞና ውስጥ፣ ኳርትዝሳይት ከምትባል የበረሃ ከተማ ዳር ነበር። እዚያ ላ ፖሳ የሚባል ሰፊ የመንግሥት ሜዳ አለ፤ ከሴፕቴምበር 15 እስከ ኤፕሪል 15 እንደነሱ ላሉ ተጓዦች ለረጅም ጊዜ መቆየት ይፈቀዳል። ለወቅቱ 180 ዶላር ከፍለዋል። ከደጃፍህ የሚደርስ መብራት የለም፣ የውኃ መስመር የለም፤ ጠጠርና ፀሐይ ነው። በጃንዋሪ ሜዳው በሞተርሆም ይጥለቀለቃል፣ በማርች መጨረሻ ይሳሳል። በጁላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚውል፣ መሄድ የሚችል ሁሉ ከዚያ አስቀድሞ ይሄዳል። መሄድ የሚችል።

የሞተርሆሙ ደረጃ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፤ በሩ ሲከፈት ይወጣል፣ ሲዘጋ ይታጠፋል። ዘጠኝ ዓመት በሩ በተከፈተ ቁጥር ወጥቷል። በማርች መጨረሻ አንድ ማለዳ አልወጣም። ባልየው የቡና ኩባያውን እንደያዘ፣ እንደ ልማዱ ሳያይ ረገጠ፤ የረገጠው አየር ሆነ። የቀኝ እግሩ ቁርጭምጭሚት ተሰበረ።

ሚስቲቱ በትንሿ መኪና ጭናው ፓርከር ከተማ ወዳለው ሆስፒታል በረረች፤ ከሃምሳ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከዚያ ወደ ፊኒክስ ተላኩ፤ አጥንቱ በብረትና በብሎን ተያያዘ። ባልየው ከሰመመን እንደነቃ የጠየቀው አንድ ነገር ነው።

«መቼ እነዳለሁ?»

«ቀኝ እግርዎ እኮ ነው» አለው ሐኪሙ። «ፍሬን የሚረግጠው እሱ ነው። እንዲህ ያለ ስብራት ከተጠገነ በኋላ ፍሬን የመርገጥ ፍጥነት ወደ ቦታው የሚመለሰው በዘጠኝ ሳምንት ገደማ ነው። የሚነዱት ደግሞ ቤት ነው።»

ዘጠኝ ሳምንት። የሜዳው ፈቃድ ሊያበቃ ደግሞ ሦስት ሳምንት አልቀረውም።

ወደ ሜዳው ተመለሱ። ባልየው ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጦ፣ በእጁ እየተገፋ አንድ በአንድ ወጣ። ከአልጋው ሆኖ እግሩን ትራስ ላይ ሰቀለ። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ አንዱ ውኃ ሞላላቸው፣ አንዱ የፍሳሹን ጋን ወስዶ ደፋላቸው፣ አንዷ ሾርባ አመጣች። የበረሃ ጎረቤት ብዙ አይጠይቅም፣ ያደርጋል። ከመካከላቸው አንድ ደግ ሰው «እስከ ሊቪንግስተን እኔ እነዳላችኋለሁ» አለ።

ሊቪንግስተን ቴክሳስ ውስጥ ነው። በ1978 ጆ እና ኬይ ፒተርሰን የተባሉ ባልና ሚስት የመሠረቱት ኤስኬፒስ የሚባል የተጓዦች ማኅበር መቀመጫው እዚያ ነው። በዚያው ኬር የሚባል ክፍል አለ፤ የታመመ ወይም የተጎዳ ተጓዥ ከራሱ ሞተርሆም ሳይወጣ ምግብ የሚቀርብለት፣ ሐኪም ዘንድ የሚወሰድበት። ቤቱ ጎማ ያለው ሰው ሲታመም ቤቱን እንዳያጣ ብለው ያቆሙት ነው። ይህን ያሰበ ሰው ይመስገን። ችግሩ መንገዱ ነው፤ ከሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ።

ባልየው የጎረቤቱን ቃል ሲሰማ ፊቱ በራ። ሚስቲቱ ግን «ከዚያስ?» አለች።

«ከዚያማ እድናለሁ።»

«በሚቀጥለው ዓመት ሌላው እግርህ ቢሰበርስ? ልብህ ቢደክምስ? ሁልጊዜ ደግ ጎረቤት አለን?»

የሚመልስ ጠፋ።

በማግስቱ ጠዋት ከሜዳው ዳር ብቻዋን ወደምትኖር አንዲት አሮጊት ሄደች። አሮጊቷ ዕድሜዋን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ኖራለች፤ አሁንም የራሷን ሞተርሆም ራሷ ናት የምትነዳው። «አስተምሩኝ» አለቻት። አሮጊቷ ኮፍያዋን አደረገችና ተከተለቻት።

ሚስቲቱ ሞተሩን ልታስነሳ ስትል አሮጊቷ እጇን ያዘቻት።

«እሱ ይቆይ። እግርሽ ፍሬኑ ላይ ይደርሳል?»

«በጣቴ ጫፍ።»

«በጣት ጫፍ አሥር ሜትር ቤት አይቆምም። ወንበሩን ወደ ፊት አምጪው።»

ሚስቲቱ ከወንበሩ ሥር ያለውን እጀታ ሳበች። እንደ ግትር በቅሎ ንቅንቅ አልል አለ። በሐዲዱ ውስጥ የዘጠኝ ዓመት አሸዋ ገብቷል፣ በላዩ ዝገት ተጋግሯል።

ከኋላ አልጋ ድምፅ መጣ። «ምንድን ነው የምትነካኩት? ወንበሩን አትንኩብኝ! ልኩን ያገኘሁለት ስንት ዘመኔ ነው!»

አሮጊቷ አልመለሰችለትም። ዘይት አመጣች፣ በሐዲዱ ላይ አንጠባጠበች፣ «ይጠጣ» ብላ ወጣች። ሁለቱ ሴቶች ከጥላው ሥር ተቀምጠው ሻይ ጠጡ። ተመልሰው ሞከሩት፤ እምቢ አለ። እንደገና ዘይት፣ እንደገና ሻይ። ጥላው ከአንዱ የሞተርሆም ጎን ወደ ሌላው ዞረ። ባልየው አሁን በለዘበ ድምፅ፣ «ከጀርባዋ ትራስ ብታደርግ ይበቃታል እኮ» አለ።

አሮጊቷ ይህን ጊዜ መለሰች። «ፍሬን በድንገት ስትይዝ ትራሱ ይንሸራተታል። ያን ጊዜ እግሯ የት ይደርሳል?»

በሦስተኛው ሚስቲቱ ወለሉ ላይ ተንበርክካ እጀታውን በሁለት እጇ ጨበጠች፤ አሮጊቷ ከወንበሩ ኋላ ገብታ በትከሻዋ ገፋች። ቋ! ብሎ ለቀቀ። ወንበሩ አራት ጣት ያህል ወደ ፊት ሄደ።

አራት ጣት። ሚስቲቱ ተቀመጠች፣ እግሯ ፍሬኑን ሞልቶ ረገጠ። ስፖኪዮውን ወደ ራሷ ቁመት አዞረችው፤ ዘጠኝ ዓመት የኖረችበትን ቤት ጎን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ከመሪው ላይ ሆና ስታየው ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ከኋላ አልጋ ምንም ድምፅ አልተሰማም።

የቀረው ሥራ ነው። ባልየው «መንጃ ፈቃዷስ?» ሲል አሮጊቷ የሞተርሆሙን ክብደት አነበበችለት፤ ከ26,000 ፓውንድ በታች ነው፣ ትንሿን መኪና የምትነዳበት ፈቃድ ይበቃታል። ለመድን ድርጅቱ ተደውሎ ስሟ ተጨመረ። አሮጊቷ ባዶ የውኃ ጀሪካኖችን ሜዳው ላይ ደረደረችና አዙሪ አለቻት። እንዲህ ባለ መኪና ሹፌሩ ከፊት ጎማ ቀድሞ ነው የሚቀመጠው፤ ስለዚህ የሚታጠፈው ዘግይቶ ነው፣ አፍንጫው መታጠፊያውን ካለፈ በኋላ። ያን ቶሎ ያዘችው። የወደቀው ጀሪካን ግን ያላየችው ነበር፤ ወደ ቀኝ ስትታጠፍ የመኪናው ጅራት ወደ ግራ ወጥቶ ጠረገው። አሮጊቷ ጀሪካኑን አቁማ «እንደገና» አለች። ቀኑን ሙሉ እንደገና።

ከሜዳው ወጥታ መጀመሪያ የነዳችው እስከ ከተማዋ መቃብር ነው። እዚያ የአሜሪካ ሠራዊት በ1850ዎቹ ግመል ሲያስመጣ አብሮ የመጣ፣ ሃይ ጆሊ እያሉ የሚጠሩት ሃጂ አሊ የተባለ ግመል ነጂ ተቀብሯል፤ በላዩ የድንጋይ ፒራሚድ ቆሟል፣ በጫፉ የመዳብ ግመል። ሠራዊቱ ግመሎቹን ቶሎ ተዋቸው፤ እሱ ግን እስከ 1902 በዚያ በረሃ ኖሮ ሞተ። በመቃብሩ አጠገብ ዞራ ስትመለስ ጅራቷ ማንንም አልነካም።

ከዚያ ጉዞ። አውራ ጎዳና 10 በዚያ አልፎ ፊኒክስን፣ ቱሳንን፣ ኤል ፓሶን፣ ሳን አንቶኒዮን አቋርጦ ሂውስተን ያደርሳል። ነፋስ ሳይነሳ በማለዳ ተነሱ። እሷ በቀኝ መስመር፣ በልኳ ፍጥነት። ከባድ መኪና ባጠገቧ ባለፈ ቁጥር ቤቱ ወደ ጎን ይሳባል፤ መሪውን አጥብቃ ትይዛለች፣ ያልፋል። ደም እንዳይረጋበት እየቆመች እሱን በክራንች ታንቀሳቅሰዋለች።

እሱ በቀኝ ወንበር ተቀምጦ፣ እግሩን ሣጥን ላይ ሰቅሎ፣ በአፉ ይነዳል። «ቀስ! ፍሬን! እሱን አሳልፊው!» በየኩርባው ያልተሰበረው እግሩ ብቻ ሳይሆን ጀሶ ውስጥ ያለውም ፍሬን ሊረግጥ ይንጠራራል፣ ያመዋል፣ ያቃስታል። ከቱሳን ወዲህ ከጎዳናው ወጥታ ቆመች። ካርታውን አነሳችና ጭኑ ላይ አኖረችው። «ያንተ ሥራ ይሄ ነው» አለች።

እሱም «ሥራ ነው እንዴ?» ብሎ አሰበ፤ አላወጣውም።

ኒው ሜክሲኮ ሲደርሱ የነዳጅ ዋጋ ረከስ ያለበት ማደያ አየ። «እዚህ ግቢ!» አለ። ገባች። ከፊት አጥር፣ ከጎን የቆሙ መኪኖች፣ መዞሪያ የለም። ትንሿ መኪና በአራት ጎማዋ ስትጎተት ደግሞ ወደ ኋላ መሄድ አይቻልም፤ ማሰሪያው ይሰበራል። ሚስቲቱ ወረደች። በዚያ ፀሐይ ፒኖቹን እየደበደበች አወጣች፣ ሰንሰለቱን ፈታች፣ ትንሿን መኪና ነድታ አወጣች፣ ተመልሳ ትልቁን በኋላ ማርሽ ጥቂት በጥቂት ጎትታ አወጣች፣ እንደገና አሰረች። እሱ በስፖኪዮ እያያት ተቀመጠ። ያን ያህል ሰዓት ተቀምጦ አያውቅም።

እጇን እየጠረገች ስትገባ ጠየቃት። «ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ያለ ነገር ያልገጠመን ለምንድን ነው?»

«ማታ ማታ የነገውን ማደያ አይቼ ነበር የምተኛው» አለችው። «ከሰማይ የተነሳውን ፎቶ። በየት እንደሚገባ፣ በየት እንደሚወጣ። የድልድዩንም ቁመት።»

«አልነገርሽኝም።»

«አልጠየቅከኝም። እኔም እቀመጣለሁ ነበር የምለው።»

ያን ማታ መነጽሩን አስመጣ፤ እስከ ሳን አንቶኒዮ ያሉትን ማደያዎች አንድ በአንድ አየ። ከዚያ በኋላ «ቀስ!» የሚል ድምፅ ከቀኝ አልተሰማም፤ የተሰማው «ከዚህ 30 ኪሎ ሜትር ላይ ሰፊ ማደያ አለ፣ መውጫው በግራ ነው» የሚል ነው። ሰባተኛው ቀን ላይ ሊቪንግስተን ገቡ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንቁጠር። ሰውየው የወደቀው በማርች መጨረሻ ነው፣ ደረጃው ምስክር ነው፤ ይህን ማንም ይቆጥራል። ወንበሩ ግን በማርች አልዛገም። ሰውየው ክፉ ቢሆን ኖሮ ገና በሁለተኛው ዓመት ሚስቲቱ ቁልፉን ትቀማው ነበር። «አንቺ ዕረፊ» ያላት ከልቡ ስለሆነ ግን ማንም ነገሩን ነካ አላደረገውም። ሌላም አለ፤ ለኔ ይህ ይብሳል። እስቲ በዚያ ማለዳ ከደረጃው የወደቀችው እሷ ብትሆንስ? ሁሉም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሹፌሩ ተርፏል» ይል ነበር፤ ሹፌሩም ደስ ብሎት ተነስቶ የመጀመሪያው ጠባብ ማደያ ውስጥ ይቀረቀር ነበር። አንዱ የሚያርፍበት ቤት ውስጥ ሁለት ሥራ ነበረ፤ የሚታየውን ሥራ ሁለቱም አመሰገኑት፣ የማይታየውን ሁለቱም ረሱት፣ የሠራችውም ጭምር።

በሊቪንግስተን ሳምንቱ ሳምንትን ወለደ። ጀሶው ወለቀ፣ እግሩ መርገጥ ጀመረ። አንድ ቀን ከጎናቸው አዲስ ሞተርሆም ቆመ፤ ገና የተገዛ፣ ጠረኑ ያልወጣ። ጌታው ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ለሰው ሁሉ ያስጎበኛል። ባለቤቱ ከበሩ ቆማ ትስቃለች።

የኛ ሰው በከዘራ እያነከሰ ሄደ፤ እንኳን ደስ ያላችሁ አለ። ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞረ።

«እግርሽ ፍሬኑ ላይ ይደርሳል?»

«ኧረ እኔ እቀመጣለሁ፤ እሱ ነው የሚነዳው» አለች።

ባልዋም «ምን አስለፋት? ትረፍ» አለ።

የኛ ሰው ከደረጃው ላይ ተቀመጠ። «ሞክሪውና ንገሪኝ፤ እጠብቃለሁ» አላት። ባልዋ ሳቀ፣ እሱ አልሳቀም። ምሳ ሰዓት ደረሰ፣ ሚስቱ ጠራችው፤ «መጣሁ፣ ትንሽ ቆይ» አላት። ሴትዮዋ በመጨረሻ ገብታ ከመሪው ኋላ ተቀመጠች።

«አይደርስም» አለች ከውስጥ።

«እጀታው ከሥርሽ ነው፤ ገና ሳይዝግ ሳቢው» አላት።