ያልተፈረደ ድካም

ሰው ደክሞ ዋጋውን ያጣ እንደ ሆነ ድካሙ ከንቱ ቀረ ይባላል። ዳሩ ግን ዋጋ ማጣት ሁለት ዓይነት ነው፤ አንደኛው ተፈርዶበት ማጣት ነው፤ ሁለተኛው ፍርድ ሳይሰጥ መቅረት ነው። ሁለቱ ለተመልካች አንድ ይመስላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ልዩነታቸውን ለመመርመር ሩቅ አገር መሄድ አያሻም፤ በምኒልክ አደባባይ አካባቢ፥ በአራዳ የተወለደው የቅዱስ ጊዮርጊስ የእግር ኳስ ክበብ ያሳለፋቸው ሁለት የውድድር ዘመናት፥ ይኸውም የ2010 እና የ2012 ዓመተ ምሕረት፥ በቂ ምሳሌ ይሆናሉ። የኳስ ነገር ለቁም ነገር አይገባም የሚል ቢኖር፥ ደንብ፥ ዳኛ፥ ምስክርና ፍርድ ባሉበት ሁሉ የሰው ጠባይ እንደሚገለጥ ያስብ።

ክበቡ ከ2006 እስከ 2009 ዓመተ ምሕረት አራት ዓመት በተከታታይ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ወሰደ። በ2009 ደግሞ በአፍሪካ ሻምፒዮኖች ሊግ ከምድብ ውድድር የደረሰ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ክበብ ሆነ። በ2010 ግን ገና በዚያው ዓመት ወደ ሊጉ የገባው ጅማ አባ ጅፋር ተነሣበት፤ ሁለቱም በነጥብ እኩል ሆነው ጨረሱ፤ ዋንጫውም በግብ ብልጫ ወደ ጅማ ሄደ። ይህ ለተሸናፊው መራራ ነው፤ ነገር ግን ጥርት ያለ መራራ ነው። ደንቡ አስቀድሞ ተነግሯል፤ ዐሥራ ስድስቱም ቡድኖች እያንዳንዳቸው ሠላሳ ጊዜ ተጫውተዋል፤ የጎደለውም በቁጥር ተለክቶ ታይቷል። እንዲህ የተሸነፈ ሰው ያዝናል እንጂ አይጠራጠርም፤ በሚመጣው ዓመት ምን ማረም እንዳለበትም ያውቃል።

የ2012 ነገር ግን ሌላ ነው። በመጋቢት ወር የኮሮና ወረርሽኝ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ ጨዋታው ቆመ፤ ቆይቶም የውድድሩ ዘመን እንዲሰረዝ ተወሰነ። ሻምፒዮን አልተባለም፤ ወደ ታችኛው ሊግ የወረደም የለም። ከላይ የነበረው የድካሙን ፍሬ አጣ፤ ከታች የነበረው ከሚያስፈራው ውርደት ዳነ። እንግዲህ፥ ሥራቸው እኩል ያልሆነውን ሁሉ በአንድ ቃል እኩል ማድረግ ፍትሕ ነውን?

ይህ ጥያቄ የኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም። በዚያው ወረርሽኝ ጊዜ ፈረንሳዮች የተጫወቱትን ያህል ቈጥረው ለፓሪሱ ክበብ ዋንጫውን ሰጡ፤ ሆላንዶች ያለ ሻምፒዮን ዘጉት፤ እንግሊዞች ቆይተው ተመልካች በሌለበት ሜዳ ፈጸሙት፤ በሩቅ ሰሜን ያለችው የአይስላንድ ደሴትም በ2013 ጥቅምት ውድድሯን ሳትጨርስ አቋርጣ ቫሉር የተባለውን ክበብ ሻምፒዮን አለች። አንዱን ነገር የተለያዩ አገሮች እንዲህ ለያይተው መፍረዳቸው፥ ከመካከላቸው አንዱ ክፉ ስለ ሆነ አይደለም፤ ምስክርነቱ ጎደሎ ስለ ነበረ ነው። የሊጉ ፍርድ የቆመው ሁሉም ከሁሉ ጋራ ሁለት ሁለት ጊዜ በመገናኘቱ ላይ ነውና፥ ብርቱዎቹን አስቀድሞ የጨረሰና ብርቱዎቹ ገና የቀሩት በመንገድ እኩሌታ ላይ በትክክል አይመዘኑም። በማሳ ላይ የቆመ እህል ስንት ዳውላ እንደሚወጣው ከአውድማ በፊት በርግጥ የሚናገር ገበሬ የለም። ስለዚህ መሰረዙ ሥራን ከሥራ አላስተካከለም፤ ያልታወቀውን አልታወቀም አለ እንጂ።

ነገር ግን አልታወቀም ማለት አልተሠራም ማለት አይደለም። አንድ የቅኔ ተማሪ ሌሊቱን ሙሉ ሲቈጥር አድሮ፥ ሲነጋ ቅኔውን ለመምህሩ ሊነግር ቢመጣ፥ መምህሩም ታመው ቢያገኛቸው፥ ያ ሌሊት ምን ይባላል? ተማሪው ቃል መርጧል፤ ቤት ለመምታት ታግሏል፤ ከትናንት ይልቅ ዛሬ በርትቷል። ይህን ማንም አይወስድበትም። ይሁን እንጂ ቅኔው የቀና ይሁን የተሳሳተ አላወቀም፤ «ዛሬ ብነግር ኖሮ መምህሩ ያደንቁኝ ነበር» ብሎ በጓደኞቹ ላይ ቢታበይም ያልተሰጠውን ይወስዳል። እንግዲህ ፍርድ በቀረ ጊዜ የሚጎድለው ሽልማቱ ብቻ አይደለም፤ ሰው ስለ ራሱ የሚያገኘው እውነተኛ ዕውቀት ነው።

የክበቡ ታሪክም ይህን ያስረዳል። አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የመሠረቱት በ1928 ዓመተ ምሕረት፥ የኢጣልያ ጦር ድንበር ጥሶ በገባበት ዓመት ነው፤ በወረራውም ዘመን ስሙን እንዲለውጥ ተገደደ። በ1936 የኢትዮጵያ ሻምፒዮና በአምስት ቡድኖች ሲጀመር የመጀመሪያውን ዋንጫ የወሰደው የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነበር፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው በ1942 ነው። በመካከል ያሉት ዓመታት በዋንጫ መደርደሪያ ላይ ቦታ የላቸውም፤ ያለ እነርሱ ግን 1942 አይመጣም ነበር። በአደባባዩ ላይ በ1923 የቆመውን የዳግማዊ ምኒልክን ሐውልት ጠላት ነቅሎ በቀበረው ጊዜ ዐድዋ አልተሰረዘም፤ ሐውልቱ ከነጻነት በኋላ ተመልሶ ሲቆምም ዐድዋን አዲስ አላደረገም። ምስክር የተደረገውን ይገልጣል እንጂ አያደርገውም።

በዚህ ሁሉ ላይ ግን አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። ክበብ ብዙ ዘመን ይኖራል፤ ተጫዋች ግን ጥቂት ዓመት ብቻ ይሮጣል። ከዕድሜው ሁሉ ይልቅ በ2012 የበረታ፥ በኋላም ጉልበቱ የደከመ ቢኖር፥ «ትርፍህ በውስጥህ ነው» ቢሉት ማላገጥ ይመስለዋል። በእውነትም ክበቡ በ2014 እና በ2015 ያገኛቸው ዋንጫዎች ለዚህ ሰው የ2012ን ዕዳ አይከፍሉለትም። ይህን ጉዳት በማጽናኛ ቃል መሸፈን አይገባም፤ ጉዳት ነው ብሎ ማመን ይገባል። ለእርሱ ሊደረግ የሚቻለው፥ ያየው ሰው ያየውን እንዲመሰክርለት ነው፤ ይኸውም በዚያ ዓመት የገባችው ግብ ገብታለች፥ የዳነችውም ድናለች ብሎ ማለት ነው።

ስለዚህ ባልተፈረደ ድካም ፊት ሁለት ነገሮች የተከለከሉ ናቸው። አንደኛው «ከንቱ ነበር» ማለት ነው፤ ይህ የደከመውን መበደል ነው። ሁለተኛው «ዋንጫው የእኛ ነበር» ማለት ነው፤ ይህ እኩል የደከመውን ባልንጀራ መበደል ነው። በነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ጠባብ ነው፤ የተደረገውን በሙሉ መናገር፥ ሊደረግ ይችል በነበረው ግን አለመመካት። በ2010 ተሸንፎ ዝም ማለት ትዕግሥትን ያሳያል፤ በ2012 ሳይፈረድ ዝም ማለት ግን ከዚያ የሚበልጥ እውነተኛነትን ይጠይቃል፤ የሚያሳፍር ቁጥር በሌለበት ራስን የሚገታው የገዛ ሕሊና ብቻ ነውና።