ተኝቼ ሳለ እንደ ተኛሁ ላውቅ እችላለሁን?

ሕልም እያየ ሕልም መሆኑን ልብ የሚል፣ ልብ ብሎም ሳይነቃ በዚያው በሕልሙ ውስጥ የሚመላለስ ሰው አለ ሲባል ሰማሁ። እንዲያውም ነገሩ በልምምድ የሚገኝ ነው፣ ጀማሪም ይደርስበታል አሉኝ። የነገሩኝን ሁሉ ላምን አልቸኮልኩም፤ ላፌዝበትም አልፈለግሁም። ሦስት ጥያቄ አነሣሁ፦ እውነት ነው ወይ? ከሆነ በምን ይለመዳል? ቢለመድስ ለምን ይበጃል?

የምጠይቀው ጋይንት ተቀምጬ ነው፤ አገሩም ለጥርጣሬ እንግዳ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ እዚሁ ቤተልሔም ይኖር የነበረው የካፑቺን ሚስዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ «ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ» የተባለውን የፍልስፍና ጽሑፍ ለፈረንሳዊው ሊቅ ለአንቷን ዳባዲ ላከለት። እ.ኤ.አ. በ1920 ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ተነሥቶ «ደራሲው ራሱ ጁስቶ ነው» አለ፤ ክላውድ ሰምነር ደግሞ የዘርዐ ያዕቆብ ነው ብሎ ዘመኑን ሁሉ ተሟገተ። ክርክሩ ዛሬም አልበረደም። ይሁንና ማንም ይጻፈው፣ መርምሮ መቀበል የሚለው አካሄዱ የጸሐፊው ማንነት እስኪታወቅ አይጠብቅም። ስለ ሕልምም እንዲሁ አሰብኩ። ላኪው እግዚአብሔር ነው፣ ሰይጣን ነው ወይስ የራሴ አእምሮ? ይህን ላቆየውና በፊቴ ካለው ልጀምር፤ አሁን የማየው ነገር ሕልም መሆኑን ማወቅ ይቻለኛል?

የመጀመሪያው ጥርጣሬዬ ጠንካራ ነበር። አንድ ሰው ጠዋት ተነሥቶ «ሌሊት በሕልሜ፣ ሕልም መሆኑን ዐውቄው ነበር» ቢለኝ፣ ያወቀው ተኝቶ ሳለ ነው ወይስ ሲነቃ የጨመረው? ማስታወስ ያሳስታል። ከቃሉ ሌላ ምስክር ያሻል፤ የተኛ ሰው ደግሞ አፉም እጁም አይታዘዝለትም።

ምስክሩ የተገኘው ከዓይን ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ዩጂን አዘሪንስኪ እና ናትናኤል ክላይትማን፣ ሰው ተኝቶ ሳለ ዓይኑ ከሽፋኑ በታች በፍጥነት የሚንቀሳቀስበት ጊዜ እንዳለ አሳዩ። ጎላ ያለው ሕልም በብዛት የሚታየው ያን ጊዜ ነው። የቀረው ሰውነት በዚያ ሰዓት እንደ ታሰረ ይሆናል፤ ዓይን ግን ነፃ ነው። እንግዲያው ሕልመኛው መልእክት ቢልክ በዓይኑ ይልካል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1975 በእንግሊዝ አገር ሃል ዩኒቨርሲቲ ኪት ሄርን የተባለ ተመራማሪ አለን ዎርስሊን ይህንኑ አስጠናው፦ ሕልም መሆኑን ባወቅህ ጊዜ ዓይንህን ግራና ቀኝ ደጋግመህ አዙር። ዎርስሊ ተኛ፤ መሣሪያውም የተስማሙበትን ምልክት መዘገበ። ስቲቨን ላበርዥ በስታንፎርድ ለብቻው ተመሳሳይ ውጤት አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ1981 አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ በአሜሪካ፣ በፈረንሳይ፣ በጀርመንና በኔዘርላንድስ ያሉ ተመራማሪዎች ለተኙ ሰዎች ጥያቄ እስከ ማቅረብ ደረሱ። «ከ8 ላይ 6 ሲቀነስ?» ተብሎ የተጠየቀ አንድ ሰው እንቅልፉን ሳይለቅ ዓይኑን ሁለት ጊዜ አዙሮ መለሰ። ብዙዎቹ አልመለሱም፤ የመለሱት ግን ጥቂትም ቢሆኑ ይበቁኛል። የመጀመሪያው ጥርጣሬዬ ከዚህ በኋላ መቆሚያ አጣ።

ሁለተኛው ጥያቄዬ መንገዱ ነው። ጀማሪ በቅድሚያ የሚታዘዘው ሕልሙን እንዲያስታውስ ነው፤ የማያስታውሰውን ሕልም ቢያውቀው እንኳ ጠዋት የለም። ስለዚህ እንደ ነቃ ሳይገላበጥ ይቆያል፤ ሕልሙን ከመጨረሻው ወደ ኋላ ይመልሳል፤ ከዚያ ይጽፈዋል። ሁለተኛው ትእዛዝ ቀኑን ሙሉ «አሁን ሕልም ላይ ነኝን?» ብሎ መጠየቅ ነው፤ መፈተኛም አለው። ጽሑፍ አንብቦ ዞር ብሎ ዳግመኛ ማንበብ፤ በሕልም ፊደል አንድ ቦታ አይረጋምና። ወይም አፍንጫን ጥርቅም አድርጎ ይዞ ለመተንፈስ መሞከር፤ በሕልም አየሩ ይገባል። ሦስተኛው፣ አምስት ሰዓት ያህል ተኝቶ ነቅቶ ጥቂት ቆይቶ መመለስ ነው። ሕልም የሚበዛበት እንቅልፍ ወደ ንጋት እየረዘመ ስለሚሄድ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት የተኛ ሰው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነቅቶ ቢመለስ በቀጥታ ወደ ሰፊው ሕልም ይገባል። አራተኛው የላበርዥ ነው፦ ለመተኛት ሲመለሱ «ቀጥሎ ሳልም፣ ሕልም መሆኑን አስታውሳለሁ» እያሉ፣ ያለፈውን ሕልም በዓይነ ሕሊና መልሶ በዚያ ውስጥ ራስን ሲያውቅ ማየት።

ከነዚህ ሁሉ ልቤ ያዘነበለው ወደ ሁለተኛው ነበር። ጥርጣሬን ልማድ ያደረገ ሰው በሕልሙም ይጠራጠራል ብዬ አሰብኩ። ዴካርትም እ.ኤ.አ. በ1641 ከእሳት ዳር መቀመጡን በሕልም አለመሆኑን በምን እንደሚያውቅ ሲጠይቅ ያደረገው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ማስረጃው ወደ ሌላ ጎተተኝ። እ.ኤ.አ. በ2017 ዴንሆልም አስፒ በአውስትራሊያ ባሳተመው ጥናት፣ የቀኑ ጥያቄ ብቻውን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። ጥያቄውን፣ የሌሊቱን መንቃትና የላበርዥን ቃል ያጣመሩት ግን ከሞከሩባቸው ሌሊቶች 17 በመቶ ገደማ ተሳካላቸው፤ ቃሉን ብለው በ5 ደቂቃ ውስጥ እንቅልፍ የወሰዳቸው ደግሞ 46 በመቶ ገደማ። ለምን ይሆን መጠየቅ ያላደረገውን ቃል መግባት ያደረገው?

ይህን ይዤ የድጓ መምህር ዘንድ ሄድኩ። ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ በሆኑበት በጋይንት፣ ሌሊትን የሚያውቅ ከአብነት ተማሪ በላይ የለም። የቃል ትምህርት በጨለማ ነው የሚቀጸለው፤ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ እያንቀላፋና እየነቃ ያድራል።

«የኔታ፣ ሕልም እያዩ ሕልም መሆኑ ታውቆዎት ያውቃል?»

«ምነው አይታወቀኝ! ተማሪ ሳለሁ በሕልሜ ከመምህሬ ፊት ቆሜ ዜማው ይጠፋኛል። ‹ይኸን ቀለም ዐውቀዋለሁ እኮ፣ ትናንት አሳልፌዋለሁ› እላለሁ። ያን ጊዜ ይገባኛል።»

«ከዚያስ ምን ያደርጋሉ?»

«አማትቤ እነቃለኋ! ሰው ሕልም መሆኑን ካወቀ ምን ቀረው? አንተ ግን፣ ልጄ፣ ዐውቀህ ልትቀመጥበት ነው የፈለግህ።»

ወደ ቤቴ ስመለስ ያመላለስኩት የመጀመሪያ መልሳቸውን ነው። የኔታ በሕልማቸው የነቁት ተጠራጥረው አይደለም፤ ትናንትን አስታውሰው ነው። በሕልም የማይሆነውን ሁሉ የምንቀበለው ሞኞች ሆነን ሳይሆን ረስተን ነው። የሞተ ሰው አብሮን ሲበላ የማይደንቀን መቀበሩን ስለዘነጋን ነው። ጥርጣሬ የሚነሣው የማየው ነገር ከማውቀው ነገር ጋር ሲጋጭ ነው፤ የማውቀው አብሮኝ ከሌለ ከምኑ ጋር ይጋጫል? ስለዚህ ጠያቂነት ብቻውን አይበቃም፤ ጥያቄውን ሌሊት የሚያስታውስ ሰው ያስፈልጋል። የላበርዥ ቃል የሚሠራው ለዚህ ይመስለኛል። ድጓን በቃሉ የሚይዝ ተማሪም ይህን ከሁላችንም አስቀድሞ የተካነ ነው።

እኔም በዚሁ መንገድ ተለማመድኩ፤ ብዙው ሌሊት እንዲሁ አለፈ። አንድ ንጋት ግን አርብ ገበያ ቆሜ አባቴ ገብስ በቁና ሲሰፍር አየሁ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ይልና ሰባት ላይ ሲደርስ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ሻጩም አይቆጣም። ልጠይቀው አፌን ስከፍት አባቴን የቀበርነው ክረምት ትዝ አለኝ፤ ዝናቡ፣ ጭቃው፣ የሬሳ ሣጥኑን የያዝኩበት ጎን። ያን ጊዜ ዐወቅሁ። መሬቱ ይዋልል ጀመር፤ ሕልሙ እንዳይበተን እንደ ተማርኩት መዳፎቼን አፋተግሁ፣ ረጋ። አሁን ልበርር፣ የበሽሎን ሸለቆ ተሻግሬ ወሎን ከላይ ልየው፣ ሁሉም ይቻለኝ ነበር። አባቴ ግን ቀና ሳይል «አቁማዳውን ያዝልኝ እንጂ!» አለኝ። «እሺ አባባ» ብዬ አፉን ከፍቼ ያዝኩለት። ገብሱ ሲወርድ ክብደቱ በእጄ ተሰማኝ፤ ወዲያው ነቃሁ።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ ለምን ይበጃል የሚለው፣ በእውነት የተነሣው ከዚህ በኋላ ነው። ባገራችን ሟች በሕልም መጥቶ ራበኝ ወይም በረደኝ ቢል ዝክር ይዘከርለታል፣ ለነዳያን ይሰጥለታል። ሕልመኛው በሕልሙ ውስጥ «አንተ እኮ አእምሮዬ የፈጠረህ ነህ» ቢለው ምን ይቀርበታል? ምናልባት የሚሰጠው ምጽዋት ይቀር ይሆናል። በሌላ በኩል «ሕልም እንደ ፈቺው ነው» ይባላል፤ ሕልሙን እዚያው ሆኖ የሚፈታ ሰው ከፈቺዎች ሁሉ የቀረበ ነውና ብልጫ አለው እላለሁ። ሁለቱም ወገን ክብደት አለው።

የሚያስፈራውም አለ። ዱካክ የሚሉትን ብዙ ሰው ያውቀዋል፦ ዓይን ይገለጣል፣ ሰውነት አልታዘዝ ይላል፣ ደረት ይከብዳል፣ ጥላም ይቆማል። አእምሮ ቀድሞ ሲነቃ የሕልም እንቅልፍ የጡንቻ እስራት ገና አልተፈታም ማለት ነው፤ በሴኮንዶች ወይም በጥቂት ደቂቃ ያልፋል። እንቅልፍን እየቆራረጡ መለማመድ ሊያመጣው ስለሚችል ጀማሪው አስቀድሞ ይወቀው። በየሌሊቱ መንቃትም ድካም ነው፤ በማግስቱ ለሚያርስ ወይም መኪና ለሚነዳ አይመከርም። እውነቱና ቅዠቱ በቀን የሚቀላቀልበት ሕመምተኛ ደግሞ ጨርሶ አይንካው።

በአንጻሩ ነገሩ ጨዋታ ያልሆነላቸው ሰዎች አሉ። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ የሰሜኑ ጦርነት እዚሁ ጋይንት ነፋስ መውጫ ገብቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሌሊት እየጮኸ የሚነቃ ሰው በየቤቱ ቢኖር አይገርምም። «ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም» ይባላል፤ እንቅልፍን እስከ መሸሽ የደረሰ ሰው ግን አለ። ለእንዲህ ያለው ሐኪሞች የሚያውቁት ልምምድ አለ፦ ተደጋጋሚውን ቅዠት በቀን አንሥቶ፣ መጨረሻውን ሰውየው በሚሻው ለውጦ፣ አዲሱን ታሪክ ዕለት ዕለት በዓይነ ሕሊና ማመላለስ። ሕልም ውስጥ ዐውቆ ፊት ለፊት መቆምም አንዳንዶችን ረድቷል፤ ቢሆንም የመጀመሪያው የተሻለ ማስረጃ አለው፣ እንቅልፍም አያቋርጥም። ሕመሙ ከባድ ከሆነ ብቻውን ባይሞክረው፣ ባለሙያ ቢያግዘው ይሻላል።

እንግዲህ ወደ የኔታ ሁለተኛ ቃል ልመለስ፦ «ካወቀ ምን ቀረው?» ማወቅና ማዘዝ ሁለት መሆናቸውን አይቻለሁ። ገበያው ሐሰት ነበር፣ ገብሱም፣ የአባቴ ድምፅም። በዚያ ሁሉ ሐሰት መካከል ግን አንድ እውነተኛ ነገር ነበረ፤ አቁማዳውን ልያዝ ወይስ ጥዬ ልብረር የሚለው ምርጫ። ዐውቄ የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ በሌላ ሊሳበብ አይችልም። ሰው ማንም በማይጠይቀውና ማንንም በማይጎዳበት ቦታ ምን እንደሚያደርግ ማየት ከፈለገ፣ ከዚህ የተሻለ መመርመሪያ አላውቅለትም። ስለዚህ ለሚጠይቀኝ ጀማሪ የምለው ይህ ነው፦ ተማረው፤ የሚያሳድድህን ቅዠት ለማዘዝ ተጠቀምበት፤ ለሚመጡት ሙታንህ ግን ዐውቀህም ቢሆን ታዘዝላቸው። የኔታ በዚህ አይስማሙም፤ የሚያስፈልገው ማማተብና መንቃት ብቻ ነው እንዳሉ ናቸው።