ልክ ነው፤ ግን በማን ልክ?

ውድ አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ገጽ ስለ ሞተር ሳይክል እንጽፋለን ብንልህ «እነዚህ ልጆች ርእስ አለቀባቸው እንዴ?» ሳትል አትቀርም። ርእስ አላለቀብንም። የምናነሣው ጥያቄ የቆየ ጥያቄ ነው። ሰው ለራሱ የሚሆነውን ሲመርጥ የሌሎችን አስተያየት መስማት ያለበት እስከ ምን ድረስ ነው? መካሪስ ስለ ሰጠው ምክር ይጠየቃል ወይስ «እኔማ ሐሳቤን ነው የሰጠሁት» ብሎ እጁን ታጥቦ ይሄዳል? ጥያቄው ከመጽሐፍ የመጣብን አይደለም፤ ከአንድ ወዳጃችን እግር ነው የመጣብን።

ይህ ወዳጃችን ከእኛ ጋር በአንድ ዶርም ከርሞ፣ በእንስሳት ጤና ተመርቆ፣ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ በሚገኝ የደጋ ወረዳ ተመደበ። ቀበሌዎቹ የተራራቁ ናቸው፤ መንገዱ በበጋ ኮረኮንች፣ በክረምት ጭቃ ነው። ሥራው የክትባት ሳጥን ተሸክሞ ከመንደር መንደር መዞር ነው። ሁለት ዓመት በእግሩና በሰው መኪና ከተንከራተተ በኋላ የዕቁብ ዕጣ ወጣለትና ሞተር ሊገዛ አዲስ አበባ መጣ። ሻይ ቤት ተሰበሰብን። «ባለ 150 ሲሲ አይቻለሁ፤ መካከለኛ ነገር ይበቃኛል» አለን።

ኧረ የወረደበት መዓት! አንዱ «በ150 ያን ዳገት? አንተ ትገፋዋለህ እንጂ እሱ አይሸከምህም» አለው። ሌላው «ከገዛህ አይቀር ወንድ የሆነ ነገር ግዛ» አለ። ሦስተኛው ደግሞ ሐዋሳ ያለ አጎቱ በ100 ሲሲ ቤተሰብ እንደሚያስተዳድር ጠቅሶ «150 ራሱ ቅንጦት ነው፤ ደመወዝህን ለነዳጅ ልትገብር ነው?» አለው። ክርክሩ ደርቶ ደርቶ በመጨረሻ የትልቁ ወገን አሸነፈ። «የተማርክ ሰው ነህ፤ ገበሬው በዚያች ነገር ሲያይህ ምን ይልሃል?» አልነው። «አልነው» ስንል እኛው ነን። ከመካከላችን ሞተር ነድቶ የሚያውቅ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ባለ 250 ሲሲ ገዛ። መቀመጫው ከመሬት ወደ 90 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። የወዳጃችን ቁመት 1 ሜትር ከ62 ነው። ሱቁ በር ላይ ሲወጣበት አጨበጨብንለት፤ ፎቶግራፍም አነሣነው።

ሁለት ወር ሳይሞላ ስልክ መጣ። ተዳፋት ላይ በግ የሚነዱ ልጆች ሲያጋጥሙት ሊያሳልፋቸው ቆመ። ሲቆም ቁልቁል በኩል ያለው እግሩ መሬት አጣ። ሞተሩ ከነሳጥኑ ላዩ ላይ ወደቀ፤ ቅልጥሙ ተሰበረ። ፍጥነት አልነበረም፤ ግጭት አልነበረም፤ ሰውዬው ቆሞ ነው የተሰበረው። ሆስፒታል ልንጠይቀው ስንሄድ እንዲህ አለን፤ «ሱቁ ውስጥ ስቀመጥበት እግሬ እንደማይደርስ አውቄ ነበር። እናንተ ቆማችሁ እያያችሁኝ ‹አይሆነኝም› ማለት አፈርኩ።»

ይህችን ቃል ይዘን ተመለስን። የወዳጃችንን እግር የሰበረው ምንድን ነው? ሞተሩ ነው እንዳንል፣ ኋላ አንድ ረጅም ሰው በርካሽ ገዝቶት በደስታ ይነዳዋል። መንገዱ ነው እንዳንል፣ መንገዱ ድሮም እዚያው ነበር። የሰበረው ይሉኝታ ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

ይሉኝታን በጅምላ ማውገዝ ግን አንፈልግም። ሰው የጎረቤቱ ለቅሶ ሳይደርስ እንዳይቀር፣ የተበደረውን ክዶ እንዳይሄድ፣ ታላቅ ፊት ድምፁን ከፍ እንዳያደርግ የሚይዘው ይሉኝታ ነው። «ይሉኝታ ቢስ» የሚለው ስድብ የሆነው በከንቱ አይደለም። ሆኖም ይሉኝታ ሥራውን የሚሠራው በእኛና በሰው መካከል ባለው ጉዳይ ነው። ስለ እግራችን ርዝመት ይሉኝታ የሚያውቀው ነገር የለም። አገር ተሰብስቦ ድምፅ ቢሰጥ አንድ ሳንቲ ሜትር አይጨምርልንም።

የጥንት ሰዎችም ይህ ነገር አሳስቧቸዋል። አፍላጦን በጻፈው «ክሪቶ» ሶቅራጥስ እስር ቤት ሳለ ወዳጁ ክሪቶ መጥቶ እንዲያመልጥ ይለምነዋል። ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ ምን ይመስልሃል? ይሉኝታ ነው። ወዳጁን ማዳን እየቻለ ገንዘቡን ሰስቶ ተወው ብለው ሰዎች ያሙኛል ይላል። ሶቅራጥስም ሰውነቱን የሚያሠለጥን ሰው የሚሰማው ያገኘውን ሁሉ ነው ወይስ ሐኪሙንና አሠልጣኙን ብሎ ይጠይቀዋል። የማያውቁትን የብዙኃኑን ቃል የሰማ እንደሆነ የሚጎዳው የገዛ ሰውነቱ ነው። ሻይ ቤቱ ውስጥ ብዙኃን የነበርነው እኛ ነን፤ የተጎዳው ሰውነት የወዳጃችን ነው።

ታዲያ በሞተር ጉዳይ አዋቂው ማነው? እዚህ ላይ ነገሩ ትንሽ ይወሳሰባል። ሞተሩን የሚያውቀው መካኒኩ ነው። መንገዱን የሚያውቀው በመንገዱ የሚመላለሰው ነው። እግሩን የሚያውቀው ግን ባለ እግሩ ብቻ ነው። ዕውቀቱ ለሦስት የተከፈለ ስለ ሆነ አንዱ ብቻውን ፍርድ ሊሰጥ አይችልም። ባለ እግሩም እንኳ ብቻውን አይበቃም፤ ይህን ኋላ እናየዋለን።

«መካከለኛ» የሚለውን ቃል እንመርምረው። አርስቶትል በሥነ ምግባር መጽሐፉ የነገሩን መካከልና የእኛን መካከል ይለያል። አሥር ብዙ፣ ሁለት ጥቂት ቢሆን በሒሳብ መካከሉ ስድስት ነው። ምግብ ሲሆን ግን አሠልጣኝ ለሁሉም ስድስት ምናን አያዝም፤ ለስመ ጥሩው ታጋይ ለሚሎ የሚያንሰው ለጀማሪው ይበዛልና። ሞተርም እንዲሁ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ነጂዎች ዘንድ መካከለኛ የሚባለው በአብዛኛው ከ500 እስከ 900 ሲሲ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ሆንዳ ሲቢ 500 ኤክስ 471 ሲሲ ነበር፤ ኃይሉም 35 ኪሎ ዋት፣ ማለት ወደ 47 የፈረስ ጉልበት ነው። በዚያው ዓመት ሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ የመንጃ ፈቃድ ሥርዓት ለመካከለኛው ደረጃ የወሰነው ጣሪያም ያው 35 ኪሎ ዋት ነው። 249 ኪሎ የሚመዝነውን የቢኤምደብልዩ አር 1250 ጂኤስ የለመደ ሰው ይህን «የጀማሪ» ይለዋል። ያንኑ 500 ሲሲ ወደ ወዳጃችን ወረዳ ብንወስደው ግን መንደሩ ለትርኢት ይወጣል። ቁጥሩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ተመልካቹ ነው። መካከለኛ የሚባል ነገር በብረቱ ላይ ተጽፎ አይገኝም ማለት ነው።

ትልቅነትም በራሱ ማዕረግ አይደለም። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1958 ሱፐር ካብን ሲያወጣ ሞተሩ 50 ሲሲ እንኳ አይሞላም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የዚህ ዘር ሞተር ሳይክል ምርት 100 ሚሊዮን ደረሰ። የእኛም አያቶች ነገሩን ያውቁት ነበር። መኳንንቱ ሩቅ መንገድ ሲሄዱ የሚቀመጡት በበቅሎ ነው፤ ፈረሱ ከጎን እየተሳበ ለጦርነትና ለጉግስ ይቆያል። በቅሎ ከፈረስ ዝቅ ትላለች ብሎ ገደሉን በፈረስ ልውረድ የሚል መኳንንት ቢኖር አሽከሮቹም ይስቁበት ነበር። ክብሩን ከእንስሳው ቁመት አልተበደረውም። የሰው ወርቅ አያደምቅም የሚባለው እኮ ለዚህ ነው።

አሁን አንባቢ «ታዲያ ሁሉም ደስ ያለውን ይምረጥ፣ ማንም ማንንም አይምከር ነው የምትሉት?» ብሎ ይጠይቀን ይሆናል። አይደለም። ደስታና ልክ ለየቅል ናቸው። ቀይ ይሁን ጥቁር ብሎ መምረጥ የደስታ ጉዳይ ነው፤ በዚህ ማንም አይሳሳትም። ልክ ግን ይፈተናል፣ ይለካል፣ ሰውም ሊሳሳትበት ይችላል። አማርኛችን «ልክ ነህ» ብሎ እውነትን፣ «ልኬን ውሰድልኝ» ብሎ መጠንን በአንድ ቃል መጥራቱ እኛን ያስገርመናል። ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄደን ጓደኛችን «አንተ እንኳ ሰፊ ያምርብሃል» ቢል ሰፊው ሜትሩን አይጥልም። «ልክህን እወቅ» የሚለውን ስድብ አደረግነው እንጂ ከስድብነቱ ብናወጣው ደህና ምክር ነበር። ደግሞም ሞተር የሚነዳ ሰው ብቻውን አይደለም። ከኋላው የሚፈናጠጥ አለ፤ መንገድ ላይ በግ የሚነዱ ልጆች አሉ። ልኩን ያላገኘ ነጂ ዳፋው ለእነሱም ይተርፋል።

ወዳጃችን እግሩ ድኖ፣ ሞተሩን በኪሳራ ሸጦ፣ ዳግመኛ ሊገዛ ሲነሣ እኛን አላማከረንም። አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ሄደ። እኛም አፍረን ከኋላ ተከተልነው። ሰውዬው ምን ግዛ አላለውም፤ ጥያቄ ነው የጀመረው። «ስንት ኪሎ ትጭናለህ ልጄ? መንገዱ ጭቃ ነው ወይስ ጠጠር? መለዋወጫ ከየት ታገኛለህ? ብቻህን ስትወድቅ ማን ያነሣልሃል?» ወዳጃችን መለሰ። ቀጥሎ ስለ ከፍታው አስረዳው። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ እዚያ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር ከባሕር ጠለል ጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ሐዋሳ ግን ሜዳ ናት፤ ከፍታዋም ወደ 1,700 ሜትር ነው። የሐዋሳው አጎት አልዋሸም ማለት ነው፤ እውነቱ የሐዋሳ እውነት ነው። «በ150 ያን ዳገት?» ያለው ጓደኛችንም ሳያውቅ ግማሽ እውነት ተናግሯል። ወዳጃችን ራሱ ያሰበው 150ም ከነጭነቱ ለዚያ ዳገት ሳያንስ አይቀርም ነበር። ባለ እግሩ ብቻውን አይበቃም ያልነው ይህንን ነው።

በመጨረሻ ሽማግሌው ለገጠር ሥራ የተሠራ፣ ያገለገለ ባለ 200 ሲሲ አወጣ። መቀመጫው ዝቅ ያለ፣ ከፊትም ከኋላም ዕቃ መጫኛ ያለው፣ ካቴናው በክዳን የተሸፈነ ነው። መሬት ላይ አጋደመውና «አንሣው» አለው። አነሣው። «ዳገቱ ላይ ወደ ኋላ ግፋው» አለው። ገፋው። «ተቀመጥበት» አለው። እግሩ ደረሰ። ወዳጃችን «እንዴት ነው ጋሼ፣ ልክ ነው?» ሲለው ሽማግሌው ሣቀና «እሱን እንኳ አንተ ንገረኝ» አለው።

ከዚህ የተማርነውን በአጭሩ እንበል። ምክር ሁለት ነገር ይዞ ይመጣል፤ ወሬና ፍርድ። «ዳገቱ ላይ ጉልበት ያጥረዋል» ወሬ ነው፤ እውነት መሆኑን ማጣራት፣ ከሆነም መቀበል ይገባል። «ወንድ የሆነ ነገር ግዛ» ፍርድ ነው፤ ስለ ተናጋሪው እንጂ ስለ ሞተሩ የሚነግረን ነገር የለውም። ወሬውን ወስዶ ፍርዱን ለባለቤቱ መመለስ ትዕቢት አይደለም። ያልተመዘነ ፍርድ ለወዳጅ ማሸከም ግን በደል ነው። እኛ በደለኞች ነን። «ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላሉ አበው። የእኛ ወዳጅ ግን እምቢ አላለም፤ እሺ ብሎ ነው መከራ የመከረው። እሺ ላሰኘው ሰውስ ተረት አልተተረተለትም።

ይህ ጉዳይ ሞተር ለሚገዛ ሰው ብቻ የተጻፈ አይምሰልህ። በየዓመቱ መጀመሪያ አዳዲስ ተማሪዎች የትምህርት ክፍል ሊመርጡ ሲሉ ዶርማችን እየመጡ ያማክሩናል። እኛም እንደ ልማዳችን «ያ ትምህርት እኮ ሥራ አያስገኝም፣ ያኛው የሰነፍ ነው፣ አንተን የሚመጥንህ ይሄ ነው» እያልን ስንፈርድ ኖረናል። ስንቱ ባልደረሰበት መቀመጫ ላይ አጨብጭበን አስቀምጠን ይሆን? ስንቱንስ «ከዚህ አትለፍ» ብለን አስቀርተን ይሆን?

ወዳጃችን አሁን ሥራውን ቀጥሏል። ሲያነክስ አይታወቅም፤ ብርድ ሲሆን ግን ያመዋል። ሞተሩን ያየ ከመካከላችን አንዱ «ይቺ የሽማግሌ ሞተር አይደለችም እንዴ?» ብሎ ሊቀልድ ጀመረና ሁላችንንም አይቶ ዝም አለ። ወዳጃችን ግን አልተቀየመም፤ ሄልሜቱን አጥልቆ ሁለት እግሩን መሬት ላይ ተክሎ «ለእኔ ልኬ ናት» አለና አስነሥቶ ሄደ።