ለመጻጉዕ ሰው እንሁንለት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት ቤተ ክርስቲያናችን መጻጉዕን ታስባለች። ታሪኩ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ተጽፎ ይገኛል። በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ ዙሪያ ብዙ ድውያን የውኃውን መናወጥ እየጠበቁ ተኝተው ነበር። ከእነርሱም መካከል 38 ዓመት ሙሉ የአልጋ ቁራኛ ሆኖ የኖረ አንድ ሰው ነበረ። ጌታችን መዳን ይፈልግ እንደሆነ በጠየቀው ጊዜ ሰውየው የበሽታውን ክብደት አልዘረዘረም፤ በውኃውም አላማረረም። የተናገረው ነገር ቢኖር ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ብቻ ነው።

እንግዲህ ይህን ልብ እንበል። መጠመቂያው በአጠገቡ ነበረ። ሌሎች እየገቡ ሲድኑም በዓይኑ ያይ ነበር። የጎደለው ሰው ነው። ሰው በመታጣቱም ምክንያት የአንድ ትውልድ ዕድሜ በምንጣፍ ላይ አለፈ።

በዘመናችንም እንዲህ ያሉ ወገኖች በየሰፈራችን አሉ። እነዚህም ከልደት ወይም ከሕፃንነት ጀምሮ የአእምሮ፣ የንግግር ወይም የእንቅስቃሴ ዕድገታቸው የተገታ ወንድሞችና እኅቶች ናቸው። ዳውን ሲንድረም፣ ኦቲዝም፣ ሴሬብራል ፓልሲና የአእምሮ ዕድገት ውስንነት የሚባሉት በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ውስንነቱ ራሱ በመርፌ ወይም በክኒን የሚጠፋ አይደለም። ነገር ግን እነርሱም እንደ ማንኛችንም ጥርሳቸውን ይታመማሉ፤ ጆሮአቸው ይመግላል፤ ልባቸው ይደክማል። ብዙዎቹም የሚሠቃዩት፣ አንዳንዶቹም የሚሞቱት፣ ሊታከም በሚችል በሽታ ነው። ጤና ጣቢያው በቅርብ እያለ የሚያደርሳቸው፣ ስለ እነርሱም የሚናገርላቸው ሰው በማጣታቸው ነው። ይህን ጽሑፍ የጻፍነው ከሕፃንነት እስከ እርጅና ለእነርሱ ሰው መሆን የክርስቲያን ወጣት ግዴታ መሆኑን ለማሳሰብ ነው።

የማን ኃጢአት ነው?

አስቀድመን አንድ እንቅፋት እናንሣ። በአንዳንድ ቤት እንዲህ ያለ ልጅ ሲወለድ እርግማን ነው፣ የእናት ወይም የአባት ኃጢአት ነው ይባላል። እናትም ከሐሜት ለመሸሽ ልጇን በጓዳ ትደብቃለች። የተደበቀ ልጅ ክትባት አያገኝም፤ ሐኪም አያየውም፤ ሲያቃጥለውም ጎረቤት አይሰማም።

ምናልባት አንድ አንባቢ ጌታ መጻጉዕን ዳግመኛ እንዳይበድል አስጠንቅቆት የለምን ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። እውነት ነው፣ አስጠንቅቆታል። ነገር ግን ያንኑ ወንጌል ምዕራፍ 9ን እናንብብ። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው የበደለው ማን እንደሆነ ሲጠይቁ፣ ጌታ እርሱም ወላጆቹም እንዳልበደሉ፣ የእግዚአብሔር ሥራ በእርሱ ይገለጥ ዘንድ እንደሆነ መለሰላቸው። ታዲያ ጌታ ያልከሰሳትን እናት እኛ የምንከሳት በምን ሥልጣን ነው? በሕክምናው በኩል ብናይም ዳውን ሲንድረም የሚመጣው ልጁ በ21ኛው ክሮሞሶም ላይ አንድ ትርፍ ይዞ በመፀነሱ እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ1959 ታውቋል። ይህ እናት የሠራችው አንዳች በደል አይደለም።

ጠበልና መድኃኒት

ሁለተኛው እንቅፋት ጠበልንና መድኃኒትን ማጣላት ነው። እኛ በጠበል እናምናለን። ነገር ግን መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን የፈጠረው እግዚአብሔር እንደሆነ፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣው እርሱ እንደሆነ፣ አስተዋይ ሰውም እንደማይንቀው ያስተምረናል። ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበረ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም እ.ኤ.አ. በ2007 የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል እንደማይቃረኑ፣ ምእመናንም ሁለቱን አብረው መውሰድ እንደሚችሉ በይፋ አስተምረዋል። ትምህርቱ ለዚህም ጉዳይ መመሪያ ይሆነናል።

ይህን የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። የዕድገት ውስንነት ካለባቸው መካከል ብዙዎቹ የሚጥል በሽታም አለባቸው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ በሽታው በርትቶ ተመልሶ ሕይወት እስከ መቅጠፍ ይደርሳል። ስለዚህ ጠበል የሚጠመቅ ልጅ መድኃኒቱን በሰዓቱ ይዋጥ። ሲጥለውም ክብሪት ማሽተት፣ ማንኪያ በአፉ መክተት አይጠቅመውም። በጎኑ ማስተኛት፣ ከእሳትና ከድንጋይ ማራቅ፣ እስኪነቃም አጠገቡ መቆየት ይገባል። መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ይወሰድ። አረፋው የሚነካውን ሰው አያሲዝም፤ ስለዚህ በፍርሃት አንሽሽ።

ከማሕፀን እስከ እርጅና

ሀ/ በማሕፀንና በልደት። ሁሉንም ውስንነት መከላከል አይቻልም፤ አንዳንዱን ግን ይቻላል። አዮዲን ያነሳት እናት የምትወልደው ልጅ አእምሮ ሊጎዳ ይችላል። በአገራችን ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2011 ወጥቷል። እኛም በየቤታችን አዮዲን ያለውን ጨው እንግዛ፤ ከፀሐይና ከእርጥበት ጠብቀን በክዳን እናስቀምጥ። ፎሊክ አሲድ የሚባለው ቫይታሚን የሕፃኑን አከርካሪና አንጎል ከክፉ ጉድለት ይጠብቃል፤ መወሰድ ያለበት ግን ከመፀነስ በፊት ጀምሮ ነው፤ ያ ክፍል የሚዘጋው በመጀመሪያው ወር ነውና። ምጥ ሲረዝም ሕፃኑ ታፍኖ አንጎሉ እንዳይጎዳ እናት በጤና ተቋም ትውለድ። ከተወለደም በኋላ ዓይኑና ገላው ቢጫ ከሆነ ነገ ይለቀዋል ብለን አንጠብቅ፤ በብርሃን ሕክምና በቶሎ ሊድን ይችላልና።

ለ/ በሕፃንነት። ዳውን ሲንድረም ይዘው ከሚወለዱት ልጆች ግማሽ ያህሉ የልብ ችግር አለባቸው። የታይሮይድ ዕጢ፣ የጆሮና የዓይን ችግርም ያገኛቸዋል። ስለዚህ ልጁ እንደ ተወለደ ልቡ ይመርመር። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1983 ዳውን ሲንድረም ያለበት ሰው በአማካይ 25 ዓመት ያህል ይኖር ነበር፤ ዛሬ ወደ 60 ዓመት ይደርሳል። ይህ ለውጥ የመጣው በአብዛኛው ልባቸው በቀዶ ሕክምና ስለ ተጠገነና እንደ ሌላው ሰው ስለ ታከሙ ነው። በአገራችንም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የልብ ሕሙማን ሕፃናትን የሚያክም ማዕከል አለ።

ሐ/ በጉርምስና። ውስንነት ያለባት ልጅም ታድጋለች፤ የወር አበባዋም ይመጣል። ንጽሕናዋን መጠበቅን በቀስታና በተደጋጋሚ ታስተምራት ዘንድ እናት ወይም እኅት ያስፈልጋታል። ከዚህም በላይ መናገር ስለማትችል ክፉ ሰው ያሳድዳታል፤ ያም ሰው ጎረቤት ወይም ዘመድ ሊሆን ይችላል። ጥቃት ከደረሰባት ነውር ነው ብሎ መሸፈን ሁለተኛ ጥቃት ነው። ኤች አይ ቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት የሚያገለግለው 72 ሰዓት ሳያልፍ ነውና ፈጥና ወደ ሐኪም ትወሰድ፤ ጉዳዩም ለሕግ ይቅረብ።

መ/ በጉልምስናና በእርጅና። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው። ሕፃን ሲሆን የሚራራለት ሰው አይጠፋም፤ 40 ዓመት ሲሞላው ግን የሚያስታውሰው የለም። የሕፃናት ሐኪም አድገሃል ይለዋል፤ የአዋቂዎች ሐኪም ደግሞ አያውቀውም። ዳውን ሲንድረም ያለበት ሰው ከ40 ዓመት በኋላ የመርሳት በሽታ ቀድሞ ሊይዘው ይችላል። የሚያውቀውን መንገድ ሲስት፣ ይበላ የነበረው ሲተው፣ ድሮም እንዲህ ነው ብለን አንለፈው። ከሁሉም የሚከብደው ደግሞ እናቱ ስታረጅ ነው። እኔ ስሞት ማን ያየዋል የምትል እናት ጸሎቷ ሞቷ ከልጇ ሞት እንዳይቀድም ይሆናል። ይህን ጸሎት የምታጸልይ እኛ በዙሪያዋ እያለን መሆን የለባትም።

አመል ነው ወይስ ሕመም?

የሚሰማው ሕመም ሁሉ በቃል አይነገርም። የማይናገር ልጅ ራሱን ከግድግዳ ሲያጋጭ፣ ሲናከስ፣ ሌሊት ሲጮህ አመሉ ነው ይባላል። በእርግጥ ግን ጥርሱ ተበልቶ፣ ጆሮው መግሎ ወይም ሆዱ ለቀናት ደርቆ ሊሆን ይችላል። ይህ ስሕተት በሠለጠኑት አገሮችም አለ። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነ ምርመራ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ወንዶች ከሌላው ሕዝብ በአማካይ 13 ዓመት፣ ሴቶች 20 ዓመት ቀድመው እንደሚሞቱ አሳይቷል። ከምክንያቶቹም አንዱ በሽታቸው ሳይታወቅ መዘግየቱ ነው። በዚያ አገር እነዚህ ሰዎች ከ14 ዓመታቸው ጀምሮ ባይታመሙም በዓመት አንድ ጊዜ እንዲመረመሩ ይጠራሉ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ መናገር የማይችለውን ሰው እስኪናገር መጠበቅ ፍርድ አይደለምና።

አባቶቻችን ስለ መጻጉዕ የሚነግሩን ሌላም ነገር አለ። በዕለተ ዓርብ ጌታን በጥፊ የመታው እርሱ ነበረ ይባላል። ጌታ ይህን እያወቀ ፈወሰው። እንግዲህ ጌታ በክፋት እንደሚመታው ለሚያውቀው ሰው ካልነፈገ፣ እኛ በሕመም ብዛት እጁን ለሚሰነዝር፣ ክፋትንም ለማያውቅ ልጅ እንዴት እንነፍጋለን? የምናገለግለው ምስጋና ስለሚከፈለን አይደለም።

ምን እናድርግ?

በአዲስ አበባ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ባጡ ጊዜ ተስፋ ቆርጠው አልተቀመጡም። እ.ኤ.አ. በ2002 የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን አቋቁመው ለብዙዎች ልጆች እናት ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2021 ከዚህ ዓለም ቢለዩም የከፈቱት በር ለሌሎች ቤተሰቦችም ተርፏል። አንዲት እናት ይህን ካደረገች፣ ማኅበር ያለን ወጣቶች የሚከተለውን ማድረግ አያቅተንም።

1ኛ/ በአጥቢያችን እንዲህ ያለ ልጅ ወይም ጎልማሳ ያለበትን ቤት በትሕትና እንጎብኝ። ለሐሜት ሳይሆን እንደ ቤተሰብ፣ በበዓልም በዘወትርም እንሂድ።

2ኛ/ ለእያንዳንዱ አንድ ደብተር እናዘጋጅ። የሚወስደው መድኃኒት፣ የማይስማማው ነገር፣ ሲታመም የሚያሳየው ምልክት፣ የሚያረጋጋው ነገር ይጻፍበት። እናት ብትታመም ወይም ብታርፍ ሐኪሙ ከደብተሩ ያነባል።

3ኛ/ የሐኪም ቀጠሮ ሲኖረው ሁለት ሁለት ሆነን ተራ እንግባ። አንዱ ማልዶ ሄዶ ሰልፍ ይያዝ፤ ሌላው ከእናቲቱ ጋር ልጁን ይዞ ይምጣ። በግርግር የሚረበሸውን ልጅ አስቀድመው ያዩት ዘንድ ባለሙያዎችን በአክብሮት እንለምን።

4ኛ/ ቤተሰቡ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል መሆኑን እንጠይቅ። መክፈል የማይችል ከሆነም በነጻ ከሚታቀፉት ድኾች መካከል እንዲመዘገብ ከቀበሌ እናስፈጽም። ይህ ልመና አይደለም። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በአንቀጽ 25 የአካል ጉዳተኞችን የጤና መብት ደንግጓልና።

5ኛ/ በቤተ ክርስቲያንም ቦታ እንስጣቸው። በቅዳሴ መካከል ድምፅ ቢያሰሙ በዓይን አንገሥጻቸው፤ ይቁረቡ፤ ይባረኩ፤ በመዝሙራችንም ያጨብጭቡ። በሰው ፊት የሚታይ ልጅ ሲታመምም ይታወቃል።

ወንድሞችና እኅቶች፤ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ሽባውን የተሸከሙት አራት ሰዎች ነበሩ። ሕዝቡ በሩን ቢዘጋባቸው ጣራውን ነድለው አወረዱት፤ ጌታም የእነርሱን እምነት አይቶ ፈወሰው። ስማቸው አልተጻፈም። መጻጉዕ ግን እንኳን አራት አንድም ሰው አልነበረውም። ከሰፈራችን ያለው ሕመምተኛ ከሁለቱ ማንኛውን እንደሚመስል የሚወሰነው በእኛ ትከሻ ነው።

የድውያን ፈዋሽ አምላካችን የታመሙትን ይማርልን፤ ያዘኑትን እናቶች ያጽናናልን፤ እኛንም ለአገልግሎት ያበርታን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር
ወለወላዲቱ ድንግል
ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።